በእቴቴ ጓሮ የሚያንጎራጉረው ፓምፕ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለሚጣ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? የምትውዪበት ቤት ሁሉ በሰላም አስገብቶ በሰላም ያስወጣሽ። እኛ ከናፍቆትሽና ከሽታው በስተቀር ደህና ነን።

ስለ ሽታው ልንገርሽ። እኔና የእቴቴ ባል፣ ነፍሱን ይማርና፣ የቆፈርነው የፍሳሽ ጉድጓድ ሞልቷል። አንቺ ያኔ ትንሽ ነበርሽ፤ አፈሩን በጣሳ ታወጪልን ነበር። መሙላቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! መጣጩ መኪና ይመጣል፣ ይመጥጣል፤ በአምስተኛው ቀን ጉድጓዱ መልሶ አፉ ድረስ ይሞላል። መሬቱ ጠግቦ አልጠጣም ብሏል። ጓሮው ረግረግ ሆኖ ውሃው ቁልቁል እየሰረገ የታች ቤቱን ልብስ ሰፊ ግድግዳ አበሰበሰው። የደንበኞቹ ሱሪ ሁሉ ሸተተበት። ሰውየው እቴቴን ይወዳታል፤ ለአንቺ የምትልከውን ደብዳቤ የሚጽፍላት ራሱ ነው። ቢሆንም ሱሪው መተዳደሪያው ነውና ለጤና ቢሮ አመለከተ።

የቢሮው ተቆጣጣሪ መጥታ ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋ ሄደች። እስከ መጋቢት 30 ከግቢው የሚወጣው ውሃ ተመርምሮ ካላለፈ ቤቱ ይታሸጋል። በቃ፣ ይህን ነው የሚለው። እቴቴን ታውቂያታለሽ፤ "ሲያሽጉት እኔንም ውስጥ አድርገው ያሽጉኝ" ብላ ተቀምጣለች። አንቺንም እኔንም ከአንድ ሳህን አብልታ ያሳደገችበት ቤት ነው፤ ወዴት ትሂድ? የኔ ቤት ከሱቄ በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ እኔና ባለቤቴ እንኳ የምንተላለፈው በየተራ ነው።

መፍትሔው ግልጽ ነው። ሁለተኛ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስሠራ ኖሬ ለዚህ ምክር አያስፈልገኝም። የጻፍኩልሽ እንድታውቂው ያህል ነው።

የአክስትሽ ልጅ

ኅዳር 2

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ለባለቤትህ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ከሁሉ በፊት ለእቴቴ ጉልበቷን ስመህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ምክር አያስፈልገኝም ብለሃል። እሺ፣ ምክር አይደለም በለው። ሁለተኛውን ጉድጓድ አትቆፍር! መሬቱ ጠግቧል ያልከው አንተው ነህ፤ የጠገበ መሬት አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ብታበጅለት ምን ይለወጣል? እኔ እዚህ በሰው አገር ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ነው። በመኪና ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ የሰው ጓሮ ክዳን አነሳለሁ፤ በመስታወት ቱቦ የዝቃጩን ከፍታ እለካለሁ፤ ሽታውን ሳሸት ብቻ ምን እንደጎደለው አውቃለሁ። ያደግኩበት ጓሮ በስብሶ የማላውቀውን ሰው ጓሮ ሳክም መዋል አንጀቴን ይበላዋል።

ሦስት ገንዳ ነው የሚያስፈልገን። አንደኛው ከባዱን ያስቀራል። ሁለተኛው ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ከታች አየር ይነፋል፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በዚያ አየር እየኖሩ ቆሻሻውን ይበሉታል። በሦስተኛው ውሃው ይረጋል፤ ከላይ የጠራው በቀዳዳ ቱቦ ወደ አትክልቱ ይሄዳል። እዚያው ግቢ ውስጥ ታክሞ እዚያው ያልቃል። ፓምፑንና መቆጣጠሪያ ሳጥኑን በአውሮፕላን ጭነት ልኬያለሁ፤ ሥዕሉም አብሮ አለ። ቁፋሮውንና ቧንቧውን ግን ካንተ በቀር ለማንም አላምንም። የፓምፑን ነገር ለኔ ተወው፤ ስጦታዬ ነው።

እቴቴ ስለኔ ምን ትላለች? አንተ ፊት ምን ትላለች ማለቴ ነው።

ሚጣ

ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለእህቴ ለሚጣ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። መልስ ያዘገየሁት ጉድጓድ ውስጥ ስለነበርኩ ነው። ቀልድ አይደለም።

አሥራ ስምንት ቀን ቆፈርኩ። የኮንክሪት ቀለበቶቹን ከጎዳናው ድረስ በገመድ እየጎተትኩ አወረድኩ። ቧንቧውን በየሜትሩ አንድ ጣት ቁልቁለት ሰጥቼ፣ መጋጠሚያውን በጄ ለስኜ፣ ውሃ ሞልቼ አንድ ጠብታ እንደማያፈስ አይቼ ነው የዘጋሁት። ከዚያ ራዲዮ የምታህል ሳጥንሽ መጣች። ገመዷን ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ነበር የቀራት። ታኅሣሥ 10 ሰካኋት።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? እቴቴ የሰፈሩን ሰው በሙሉ ጠርታ ሳጥኗን አሳየች። "ልጄ ናት የሠራችው፣ ከዚያ ሆና ጓሮዬን አጸዳችልኝ" አለች። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ! ጭቃው ከጸጉሬ አልወጣም። ማን ቆፈረው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የቱቦ ጥርስ ላይ ውሃ እንዳያፈስ ክር እንዴት እንደሚጠመጠም ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ዛሬ ሥዕል ልከሽ እኔ የሥዕልሽ ሠራተኛ ሆንኩ።

አልዋሽሽም፤ ይሠራል። በሁለት ሳምንት ሽታው ጠፋ። የልብስ ሰፊው ግድግዳ መድረቅ ጀምሯል። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ እም እም እያለ ያንጎራጉራል፤ እቴቴም በርጩማዋን አጠገቡ አድርጋ ትውላለች። "ሚጣ ናት፣ ሥራ ላይ ናት" ትላለች። ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ስትቁነጠነጥ ባየሽ፣ የታመመ ያላት ነው የምትመስለው። መብራቱ ሲመጣ እኔ ከሥራ ስገባ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ምን አለችኝ? "ዝም በል፣ ልስማት።"

ስለሷ ጠይቀሽኝ ነበር። እንግዲህ ይኸው።

የአክስትሽ ልጅ

ጥር 14

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እጆችህ ይባረኩ! ጀርባህን ያበርታው! ደብዳቤህን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁፋሮህን ስታወራ እያለፍኩ "ዝም በል፣ ልስማት" ያለችውን ብቻ ደጋግሜ አነበብኩ፤ ይቅር በለኝ። እውነት እንዲህ አለች? ድምጿን እንዴት አድርጋ ነው ያለችው? እባክህ በሚቀጥለው ጻፍልኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ፓምፑ መጥፋት የለበትም። መብራት አንድ ሁለት ቀን ቢጠፋ ተሕዋስያኑ ይችሉታል፤ ሳምንት ካለፈ ግን ታፍነው ያልቃሉ፤ ውሃውም ይጠቁራል። በረኪናም ወደ ፍሳሹ በብዛት እንዳይደፋ። ተቆጣጣሪዋ የካቲት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ቀድታ ትወስዳለች። እዚህ ድረስ ከመጣን በኋላ እቴቴ ከቤቷ ብትወጣ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል።

ስለ ሥዕሉ የተናገርከው ገብቶኛል። ግን እንዲህ አትበል፤ አንተ ሁልጊዜ አጠገቧ ነህ።

ሚጣ

የካቲት 3

ለሚጣ፤

ማሽንሽ ተበላሽቷል።

ሽታው ተመልሷል፤ ካሮጌው ይብሳል። እቴቴ ጓሮ መውጣት ትታ እቤት ትውላለች። አንቺ ጋ የሚሠራ ነገር እኛ ጋ ይሠራል ያለው ማነው? ጉድጓዱን ልቆፍር ስል ዝም ባልሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ምናልባት ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ይሆናል። ካለሽ ላኪ።

ድምጿን እንዴት አድርጋ እንዳለችው ጠይቀሽኝ ነበር። አላስታውስም።

የካቲት 12

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ደህና ነህ? ደብዳቤህ ሰላምታ የለውም፤ አሞሃል እንዴ? አስደንግጠኸኛል።

አዲሱን ላስቲክ በፈጣን ፖስታ ልኬልሃለሁ። አራት ብሎን ነው፣ ለአንተ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ የመካከለኛው ገንዳ ውሃ ቀለሙ ምን ይመስላል? ምን ምን ይሸታል? ሳጥኑ ላይ ያለው የሰዓት ቆጣሪስ ስንት ይላል? ቆጣሪው ፓምፑ ኤሌክትሪክ ያገኘበትን እያንዳንዱን ሰዓት ይቆጥራል። ቁጥሩን ሳላውቅ ከዚህ ሆኜ ምንም ልረዳህ አልችልም።

እቴቴ ለምን ጓሮ መውጣት ተወች? ምን አለች? የልብስ ሰፊው የመጨረሻ ደብዳቤ ስለ ማሽኑ አንድ ቃል የለውም።

ሚጣ

የካቲት 24

ለሚጣ፤

ውሃው ጥቁር ነው። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ላስቲኩን ቀይሬያለሁ፤ ሞተሩ ይዞራል፣ አየር ግን ጭራሽ የለም። ቆጣሪው 1776 ይላል።

ተቆጣጣሪዋ ትናንት መጥታ ነበር። በጠርሙስ ቀድታ አፍንጫዋን ይዛ ሄደች፤ ዛሬ "አላለፈም" የሚል ወረቀት መጣ። የመጋቢት 30ው ቀጠሮ አልተቀየረም። እቴቴ ዕቃዋን መጠቅለል ጀምራለች። ማንም ጠቅልይ አላላትም። ቁምሳጥኗን ከፍታ የባሏን ኮት አጥፋ ካርቶን ውስጥ ስትከት ሳያት ወጥቼ ሄድኩ። ለማየት አቅም አጣሁ።

አንድ ነገር አድርጊ።

መጋቢት 3

ወንድም ጋሼ፤

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰላምታውን ዛሬ እኔም ዘለልኩት።

ቁጥርህን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በሃያ አራት አካፈልኩት። ሰባ አራት ቀን ልክ ይወጣል። ከታኅሣሥ 10 እስከ የካቲት 24 ሰባ አራት ቀን ነው፤ አንድ ሰዓት ሳይጎድል፣ አንድ ሰዓት ሳይተርፍ። አንተው በገዛ እጅህ መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ ብለህ ጽፈህልኝ የለ? እነዚያን አርባ ስምንት ሰዓታት ማን ቆጠራቸው? ቆጣሪውን አላነበብከውም፤ ቁጭ ብለህ በእርሳስ አባዝተህ ነው የላክልኝ። በዚያ ላይ አዲስ ላስቲክ የገባለት፣ ሞተሩ የሚዞር ፓምፕ አየር አልሰጥም ሲል በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ኧረ ተው! ውሃ እንዲያ የሚጠቁረው ሶኬቱ ሲነቀል ነው።

አንተ ነህ የነቀልከው?

ለምን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ አውቀዋለሁ። ይኸው እኔም የራሴን ልናገር፣ ቅናት ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ልብስ ሰፊው የጻፈልኝ አሥራ አንድ የእቴቴ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሁሉም ስለ አንተ ነው። ዛሬ መጣ፣ ዛሬ ሳል ይዞታል፣ ዛሬ ሸሚዙን ተኮስኩለት፣ ዛሬ ፊቱ ጠቁሮ መጣ ማን አናዶት ይሆን። ስለኔ መጨረሻው ላይ "አንቺም በርቺ" ይላል፤ አሥራ አንድ ጊዜ "አንቺም በርቺ"። ፓምፑን የላክሁት ለጓሮው ብቻ መሰለህ? በዚያ ቤት ውስጥ የኔ የሆነ አንድ ድምፅ እንዲኖር ነው። እሱንም አፈንክብኝ።

እርግማኔን ጨርሻለሁ። አሁን ስማኝ፣ ሃያ ሰባት ቀን ነው ያለህ። መጣጭ መኪና ጠርተህ ጥቁሩን ውሃ አስወጣ። ፓምፑን ሰክተህ ንጹሕ ውሃ ሙላ። ከዚያ ዘር ያስፈልግሃል፤ ተሕዋስያኑ ሁሉ ሞተዋልና ከባዶ ይብቀሉ ብንል ጊዜው አይደርስም። ከሚሠራ ማጣሪያ፣ አየር ከሚነፋበት ገንዳ፣ ቡናማውን ዝቃጭ ቀድተህ አምጣ። ሆስፒታል ወይም ትልቅ ሆቴል ይኖረዋል። ቢያንስ አሥር ጀሪካን። ሳትታክት ለምናቸው። ክዳናቸውን አትጠርቅመው፣ አየር ይፈልጋሉ፤ በዚያኑ ቀን ይገልበጡ።

ቤቱ ከታሸገ አንተንም ራሴንም ይቅር አልልም።

ሚጣ

ሚያዝያ 2

ይድረስ ለእህቴ፣ ለአጎቴ ልጅ፣ ለሚጣ፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ሳልከፍለው የከረምኩትን ሰላምታ ሁሉ አንድ ላይ ተቀበይኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽና ፍረጂኝ። ጥር ላይ አንድ ቤት ቧንቧ ስቆርጥ መጋዙ ዘለለና እጄን ሰነጠቀኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ በቀጥታ ወደ እቴቴ መጣሁ። እኔን ያርገኝ እንድትለኝ ነው፤ በአርባ አራት ዓመቴ! በርጩማዋ ላይ ሆና ሳጥንሽን እያዳመጠች ነበር። ቀና ሳትል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "እሽ" አለችኝ። ደሙ ይንጠባጠባል። ዓይኔ ሌላ አላየም፤ በቤቱ ዞሬ ገመዱን መዘዝኩት። ፀጥ አለ። ያኔ ዞር አለች። "ውይ በሞትኩት፣ እጅህን ምን ነካህ?" ብላ ተነሣች። አጠበችኝ፣ ጠቀለለችልኝ፣ ምሳዬን በእጇ አጎረሰችኝ። እንደዚያ ተጫውተን አናውቅም፤ ሳቀችልኝ፣ ድሮ የሰበርኩትን የጎረቤት መስኮት እያነሳች አሾፈችብኝ። ሶኬቱን ነገ እሰካዋለሁ አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ ተጫወትን። እንደገና ነገ አልኩ። ከዚያ ውሃው ጠቆረና መናገሩ አሳፈረኝ፤ "ተበላሽቷል" አልኳት። ላስቲክሽን ከፖስታው እንኳ አላወጣሁትም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ጥቁሩን ውሃ አስመጥጬ፣ ፓምፑን ሰክቼ ሆስፒታል ሄድኩ። የማጣሪያው ዘበኛ ዝቃጭ ስጡኝ ስለው መጀመሪያ ኃላፊውን ጠራ፣ ቀጥሎ ሐኪም ልጥራ ወይ አለ። ለምኜ ለምኜ አሥራ አራት ጀሪካን ቀዳሁ። ክዳናቸውን ክፍት አድርግ ብለሽኝ የለ፤ በጋሪ ስገፋ ጎዳናው ሁሉ ለኔ ተለቀቀ፣ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ማታ እየሄድኩ አየሁት። በአሥረኛው ቀን ውሃው ወደ ቡናማ ዞረ። በአሥራ ስድስተኛው ሽታው ጠፋ። መጋቢት 29 ተቆጣጣሪዋ ጠርሙሷን ወደ ፀሐይ አነሳች፤ በማዶው ጣቶቿ ይታዩ ነበር። በማግስቱ፣ በመጨረሻዋ ቀን፣ ወረቀቱ መጣ። አልፏል። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ በገዛ መቀሱ ልጦ ቀደደው።

ከዚያ ለእቴቴ ተናዘዝኩ። አስጨርሳኝ ምን አለች መሰለሽ? "አውቃለሁ። ሶኬቱ ከመኝታዬ ራስጌ ውጪ ነው፤ ገመዱ ተመዝዞ ያን ዕለት ማታ አይቼዋለሁ።" ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ቤትሽ ሊታሸግ ነበር እኮ አልኳት። "ብነግርህ ታፍራለህ። ካፈርክ ትቀርብኛለህ። ቤቱን ቢያሽጉት ሌላ ግድግዳ አላጣም፤ አንተ ብትቀር ማን ይመጣል? እሷ እንደሆነች አትመጣም" አለችኝ።

የመጨረሻዋን ቃል ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር። እንደምታምሽ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ ጻፍኳት። ቅናቴ አልወጣልኝም ማለት ነው። ግን እውነት ናት፤ ስትላት ድምጿ ተቆርጧል፣ ፊቷንም አዙራለች።

የአክስትሽ ልጅ

ሚያዝያ 15

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጀሪካኖቹ እጅህን እስማለሁ። ስለ እውነቷም አመሰግንሃለሁ፣ ቢያቃጥለኝም።

የሰው ጓሮ ማየት ለጊዜው በቃኝ ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ። ግንቦት 20 ጠዋት እደርሳለሁ። ለእቴቴ እንዳትነግራት፤ አንዴ አደራዬን ጠብቅ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የምደርስ ቀን አንተ አትምጣ። በማግስቱ ና፣ ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ ና፣ ሦስታችንም አብረን እንቀመጣለን። ያቺን ቀን ግን ተውልኝ፤ አንዲት ቀን ብቻዬን ልያዛት።

ሚጣ